መርዶ ሳይደርስ የተዘቀዘቀ ነጠላ

ሰውየው የሞተው ፊልሙ በተጀመረ በሩብ ሰዓት ነው። የልደት ሻማውን «እፍ» አለና ቀና ሳይል በፊቱ ኬኩ ላይ ተደፋ። ሲያቃኑት ክሬሙ ነጭ ጢም ሆኖለታል። አዳራሹ በሳቅ አውካካ። በቀኜ የተቀመጠችው ልጄ መቆጣጠር አቅቷት ክንዴን ትቆነጥጣለች። በግራዬ ያለችው እማዬ ግን ጋቢዋን ከአፏ ላይ ገለጥ አድርጋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ልጆች አሉት?»

«ሁለት።»

«እና ምነው አይጮኹም?»

መልስ አልነበረኝም። እሷ ፊልሙ እስኪያልቅ ከዚያች ጥያቄ አልወጣችም፤ እኔም ይኸው ሁለት ሳምንት አለፈኝ፣ አልወጣሁም።

ከመነሻው ልናገር። ቅዳሜ ነው፣ ጥምቀት ሊደርስ ሳምንት የቀረው። እኛ የሄድንበት አዳራሽ ሲኒማ ቤት ልሁን ብሎ የተሠራ አይደለም። ሰኞ ስብሰባ ይሆናል፣ እሑድ ሠርግ ይሆናል፣ በመሀል ደግሞ ከአዲስ አበባ ፊልም ይዞ የመጣ ሰው ሲገኝ ሲኒማ ይሆናል። ጠዋት ሞንታርቦ የጫነች ባጃጅ ሰፈር ለሰፈር ዞራ «ዛሬ ማታ! በሳቅ የሚያፈርስ! ገዳዩን ያገኘ!» ስትል ከዋለች፣ ማታ አዳራሹ ይሞላል። ወንበሩ ፕላስቲክ ነው። የፊልሙ ሸራ ግራ ጫፉ ተጨማዶ ስለተወጠረ በዚያ በኩል የሚያልፍ ተዋናይ ሁሉ ለቅጽበት ጆሮው ይጣመማል፤ ቆንጆዋም ትጣመማለች፣ ፖሊሱም ይጣመማል። አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ናት። ደህና ሲኒማ ቤት ገብቶ ለማየት ደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ ምሳ፣ ትኬት ለሦስት ሰው ሲባል፣ በአስተማሪ ደመወዝ የተጣመመ ጆሮ ይመረጣል።

ብርዱን ለማያውቅ፦ ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በጥር ሌሊት ሣሩ ላይ ውርጭ ይነጣል። ስለዚህ ተመልካቹ ጋቢ፣ ካፖርት፣ ብርድ ልብስ ሳይቀር ደርቦ ነው የሚመጣው፤ በር ላይ ላየን ሰው ፊልም ልናይ ሳይሆን ሌሊት ልንዘምት የወጣን እንመስላለን።

እማዬ የመንዝ ሰው ናት። አባቴ ካረፈ ወዲህ ከሞላሌ አካባቢ በጣርማ በር አምጥቼ ከኛ ጋር አኑሬያታለሁ። ሲኒማ ገብታ አታውቅም። በአፄ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ የተከፈተውን የመጀመሪያውን ፊልም ቤት ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ይለው እንደነበር ስነግራት፣ «እናስ? ምኑን ተሳሳቱ?» ብላ ጋቢዋን ደረበች። የመጣችው ለልጅ ልጇ ስትል ነው። ልጄ ዘጠነኛ ክፍል ናት፤ የምርመራ ፊልም ነፍሷ ነው፤ ገዳዩን ቀድማ ካላወቀች እንቅልፍ አይወስዳትም።

የፊልሙን ስም አልጠራም። ገና ያላየው አለ፣ እኔ ደግሞ ከዚህ በታች ገዳዩን አጋልጣለሁ።

ፊልሙ ምን ዓይነት እንደሆነ እማዬን ለማስረዳት በር ላይ ተሰልፈን ሳለን ሞክሬ ነበር። «ሰው ይገደላል፤ ገዳዩ ይፈለጋል፤ እስኪገኝ ድረስ ይሳቃል» አልኳት። ቆም ብላ አየችኝ። «ከሟች ቤት?» አለች።

እውነቱን ለመናገር ከሟች ቤት አይሳቅም ማለቷ አልነበረም። ለቅሶ ቤት የሚያውቅ ሰው ሳቅ መቼ እንደሚመጣ ያውቃል። የመጀመሪያው ቀን የጩኸት ነው። በማግሥቱ ድንኳኑ ውስጥ ንፍሮ እየተበላ የሟች ነገር መነሳት ይጀምራል፤ በሠልስቱ አንዱ ጓደኛው «አንድ ቀን እኮ ከበቅሎ ላይ…» ሲል እንኳን እንግዳው ሐዘንተኛውም ይስቃል። አባቴ የሞተ ጊዜ በሦስተኛው ቀን ራሴን ሳቅ ይዞኝ ከድንኳን ወጥቻለሁ። ግን ያ ሳቅ የተለቀሰለት ሰው ላይ ነው፤ ዕዳው ተከፍሏል። ይኼ ፊልም ግን ከልቅሶው በፊት ወደ ሳቁ ዘለለ። እማዬን የከነከናት ቅደም ተከተሉ ነው።

ታሪኩን በአጭሩ። ሟቹ ሀብታም ኮንትራክተር ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ትልቅ ቪላ አለው፤ ሁሉም «ጋሼ» ይለዋል። በልደቱ ቀን ቤቱ ውስጥ ሁለት ልጆቹ፣ ወጣቷ ሁለተኛ ሚስቱ፣ ወንድሙ፣ ጠበቃው፣ ሾፌሩና የቤት ሠራተኛዋ አሉ። ሁሉም ይፈልጉት የነበረ ነገር አላቸው፤ ካርታ፣ ውርስ፣ ያልተከፈለ ደመወዝ። መርማሪው በጡረታ የተገለለ ኮማንደር ነው፤ አንድ ጆሮው አይሰማም፤ ሁሉን ነገር ሁለቴ ይጠይቃል። ሁለተኛው መልስ ከመጀመሪያው ጋር አይገጥምም። በጣም ያሳቀኝ እሱ ነው። ሾፌሩ ደግሞ በዚያ ሁሉ ግርግር መሀል የተረፈውን ኬክ በጃኬቱ ሸፍኖ ለማውጣት ሦስት ጊዜ ሞክሮ ሦስቱንም ጊዜ ይያዛል። ቀልዱ ሁሉ ጥሩ ነበር አልልም፤ የጠበቃው መንተባተብ ለምሳሌ ከመጀመሪያው በኋላ ሰልችቶኛል።

እኛ ሦስታችንም አጠገብ ላጠገብ ተቀምጠን ሦስት ዓይነት ምርመራ ይዘናል።

የልጄ ምርመራ የተዋናይ ነው። «አባ፣ ጠበቃውን የሚጫወተው በጣም ታዋቂ ነው፤ እስካሁን አራት መስመር ብቻ ነው የተናገረው። ለአራት መስመር ያን ያህል ብር አይከፍሉትም። ገዳዩ እሱ ነው» አለችኝ። ሟቹ ማን፣ ቤቱ የት፣ ምክንያቱ ምን፣ አላስፈለጋትም። የደመወዝ ዝርዝሩን ብቻ ነው ያየችው። መናቅ አልቻልኩም፤ ብዙ ጊዜ ይሠራል።

የኔ ደግሞ የአማርኛ አስተማሪ ነው። ሀያ ዓመት ክፍል ውስጥ ሰምና ወርቅ ሳስተምር ኖሬ እንዲህ ያለ ፊልም ሌላ ነገር ሆኖ አይታየኝም። ባለቅኔው ሰሙን ፊት ለፊት ያሳይሃል፤ ወርቁን እዚያው ኅብር ቃሉ ውስጥ ይቀብረዋል። አልደበቀህም፣ አልዋሸህም፤ ሰምተኸዋል። የሰማኸው ግን ሌላ ነው። አስቂኝ የግድያ ፊልም የሚያደርገው ይኸንኑ ነው፣ የሚቀብርበት ቦታ ብቻ ይለያል፤ ሳቁ ውስጥ ይቀብረዋል። ሰው ሲስቅ አይመረምርም። ዓይኑ ይጨፈናል፣ ጎረቤቱን ይመታል፣ የሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር ያመልጠዋል። ደህና ጸሐፊ ዋናውን ፍንጭ የሚጥለው እዚያች ላይ ነው።

ምሳሌ ልስጥ፤ ምሳሌው የፊልሙ ወርቅ ስለሆነ ያላያችሁ ይቺን አንቀጽ ዝለሉ። የሟቹ ወንድም ሆዳም ነው። ገና ሲገባ ጀምሮ ይበላል። በልደቱ ላይ አንድ እጁ የዶሮ ቅልጥም ይዟል፣ ጉንጩ ሞልቷል፣ በሌላ እጁ ለወንድሙ ብሎ ያመጣውን ውስኪ ይቀዳለታል። ጋሼ «በል አብረን እንጂ!» ሲለው፣ ወንድምየው ዶሮውን እያላመጠ በከባድ ቁም ነገር «እኔ እንኳ ጾም ይዣለሁ» አለ። አዳራሹ ተንጫጫ። ከፊት ወንበር አንድ ሰውዬ ወደ ኋላ ተገልብጦ ሊወድቅ ሲል ያዙት። እኔም ሳቅሁ። ጾም የያዘ ሰው ዶሮ ይበላል ወይ ብለን ሁላችንም ሳቅን፤ ዶሮ የሚበላ ሰው ውስኪውን ለምን እንቢ አለ ብሎ የጠየቀ ግን ከመቶ ሃምሳ ሰው አንድ አልነበረም። ሰሙ ሆዳም አስመሳይ፣ ወርቁ መርዝ። ቅኔ ነው እንግዲህ፣ ዘረፋውም ጥሩ ነው።

እማዬ ውስኪውን ልብ አላለችም። እሷ የምታየው ሌላ ቦታ ነው።

ሰውየው ኬኩ ላይ ከተደፋ በኋላ ሁለተኛዋ ሚስት ከፎቅ ትወርዳለች። እታች የለችም ነበር፤ ምን እንደተፈጠረ አታውቅም፤ «ምንድነው? ምን ሆናችሁ?» እያለች ነው ደረጃውን የምትወርደው። በዚያች ቅጽበት ሾፌሩ የመጀመሪያውን ኬክ የማውጣት ሙከራ ስለሚያደርግ ሰዉ ሁሉ ሾፌሩን እያየ ይስቃል። ሴትየዋን ያያት ያለ አይመስለኝም። እማዬ ግን ክርኔን ነቀነቀችኝ።

«ነጠላዋን እያት።»

«ምን ሆነ?»

«አዘቅዝቃዋለች።»

ቀና ብዬ አየሁ። እውነት ነው። የሀገር ልብስ ለብሳለች፤ የነጠላዋ ጥለት ሐዘንተኛ እንደሚያደርገው ወደ ላይ ዞሮ ትከሻና አንገቷ ላይ ነው። ከሁለት ሴኮንድ በኋላ ካሜራው ወደ ሾፌሩ ሄደ።

«መርዶ ሳይነገራት ነጠላ ያዘቀዘቀች ሴት» አለች እማዬ፤ በሹክሹክታ አልነበረም፤ የመንዝ ሹክሹክታ ከገደል ወዲያ ማዶ ይሰማል። «እጇ ከጆሮዋ ቀድሞ ሰማ። እሷው ናት።»

ከኋላችን «እሽሽ!» ተባለ። ከወዲያ ጥግ ደግሞ አንድ ጎረምሳ «ማዘር ተናገሩ፣ ተናገሩ!» አለ።

እንዲህ ስንል ኮማንደሩ ሁሉንም ሳሎን ውስጥ ሰበሰባቸው። የዚህ ዘር ፊልም የሚታወቅበት ትዕይንት ነው፤ ሁሉም ይቀመጣሉ፣ በሩ ይዘጋል፣ መርማሪው መሀል ቆሞ አንድ በአንድ ይነካካቸዋል። ኮማንደሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ከእናንተ መካከል አንዱ…» አለ። መብራት ጠፋ።

የፊልሙ መስሎን ትንሽ ዝም አልን። ቀጥሎ ከውጭ የመንገዱም መብራት እንደሌለ በመስኮቱ ታየ። አፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከሰማይ የወረደ ብርሃን ታየበት ብለው ደብረ ብርሃን ያሉት አገር ላይ መብራት ሲጠፋ የሚቀለደውን ቀልድ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ያም ቀልድ ተቀለደ። ጀነሬተር አለ፣ ነዳጅ ግን የለም፤ ልጅ ተላከ። የስልክ መብራት እዚህም እዚያም በራ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነው ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝ። ያ ሁሉ ብርድ ልብስ የደረበ ሕዝብ፣ በር ዘግቶ፣ በጨለማ፣ ገዳዩን ፍለጋ ገባ። አንዱ ከፊት ተነሣና ስልኩን አገጩ ሥር አብርቶ በኮማንደሩ ድምፅ «ከእናንተ መካከል አንዱ…» አለ። ሳቅ። «ጠበቃው!» «ኧረ ወንድ ልጁ ነው፣ ብድር አለበት!» «ሠራተኛዋን አትርሱ፣ ደመወዝ ስንት ወር ነው የያዘባት!» አንዲት ሴት ተቆጥታ «ሁልጊዜ ሠራተኛ ላይ ነው የምትለጥፉት» አለች፤ ተጨበጨበላት። አንድ ሽማግሌ ከኋላ፣ ድምፃቸው ብቻ ነው የመጣው፣ «አውጫጭኝ ሆነ እኮ!» አሉ።

እማዬ ይህን ቃል ስትሰማ ሳቀች። ያን ማታ ለመጀመሪያ ጊዜ።

አውጫጭኝን ለማያውቅ ወጣት፦ ድሮ በአገሩ ላይ ሰው ተገድሎ፣ ቤት ተቃጥሎ ወይም ከብት ተሰርቆ አድራጊው ሲጠፋ፣ የዚያ ቀበሌ ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። አፈርሳታም ይባላል። የቀረ ይቀጣል። ያየ የሰማ እንዲናገር ይማላል፤ ነገሩ እስኪወጣ ድረስ ወደ ቤት መሄድ የለም፤ እርሻው ይቆማል። እማዬ ልጅ ሳለች አባቷ እንዲህ ተይዘው በሶ በቅል ይዛ ሁለት ቀን ተመላልሳለች። ከሩቅ ያየችውን ስትነግረኝ፣ ወንዶቹ ሣር ላይ ተቀምጠው አንዳቸው የሌላውን ፊት ማየት ትተው ሁሉም ሣር ይነጩ ነበር ትላለች። «ሜዳው ተላጨ» ትላለች።

የአውጫጭኝ ትልቁ ጥበብ ግን ወፍ ናት። የሚያውቅ ሰው በአደባባይ ቢናገር ደመኛ ያፈራል፤ ስለዚህ ለተመረጡት ሽማግሌዎች በስውር ይነግራቸዋል። ሽማግሌዎቹ ስሙን አያወጡም፤ «ወፍ ነገረችን» ይላሉ። ፈረንጆቹ ለአንድ መርማሪ ትልቅ ጭንቅላትና የተለየ ባርኔጣ ሰጥተው የሚያሠሩትን ሥራ የኛዎቹ ለሕዝቡ በሙሉ ሰጥተው፣ መጨረሻዋን ለወፍ ተዉላት። የትኛው ይሻላል አልልም። አውጫጭኝ ንጹሕ ሰውም አስቀጥቷል፣ ቂመኛም መጠቀሚያ አድርጎታል። ግን ሳሎን ውስጥ ተሰብስቦ በር የመዝጋቱ ነገር እንግዳ እንዳይመስለን ነው።

ያው ጎረምሳ ከጥግ «እስቲ ማዘር ይናገሩ! ወፏን ስሟት!» አለ። እማዬ ሃያ ሠላሳ የስልክ መብራት ሲበራባት ምንም አልደነገጠችም። ጋቢዋን አስተካከለች። «ሚስቲቱ ናት» አለች። ስለ ነጠላው ነገረቻቸው። አዳራሹ ጸጥ አለ። ሴቶቹ መሀል ማጉረምረም ተነሣ፤ «እውነት ነው፣ አይቼዋለሁ»፣ «እኔም ታይቶኝ ነበር»። ወንዶቹ አንዳቸውም አላዩም። ከዚያ እማዬ ማንም ያልጠበቀውን ጨመረች፦ «ደግሞም አንዳቸውም አላለቀሱለት። ሁላችሁም ገዳዩን ትፈልጋላችሁ። ሟቹ ኬክ ላይ ተጋድሞ ቀርቷል።»

ይሄ አነጋገር ሌላ ጊዜ ቢሆን ይሳቅበት ነበር። እዚያ ግን ትንሽ ዝምታ ሆነ። የኛ አገር ሰው ሞትን በፊልም አይደለም የሚያውቀው። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ጦርነቱ ደብረ ሲና ሲደርስ ከተማችን በተፈናቃይ ተሞልታ ነበር፤ ከዚያ ወዲህም ድንኳን ያልተተከለበት ሰፈር የለም። መርዶው በስልክ የመጣለት፣ ቀብሩን ያላየ፣ አስከሬን የሌለበት ለቅሶ የተቀመጠ ሰው በዚያ አዳራሽ ውስጥ ስንት እንደነበር አላውቅም። ይህ ሕዝብ ብር ከፍሎ በግድያ ሊስቅ መምጣቱ መጀመሪያ ላይ ትንሽ አሳፍሮኝ ነበር። ጨለማው ውስጥ ግን ሌላ ነገር ታየኝ። እዚህ ፊልም ውስጥ ገዳዩ በሁለት ሰዓት ይገኛል። ቁጭ ብለህ ትጠብቃለህ፣ ይመጣል፣ ስሙ ይጠራል። እኔ ራሴ ሳልወድ ለዚያ ነው መሰለኝ የመጣሁት።

ነዳጁ ደረሰ። ጀነሬተሩ አጓራ፣ ሸራው ነጣ፣ ኮማንደሩ ዓረፍተ ነገሩን ጨረሰ።

ወንድምየው ነበር። ጾሙ፣ ዶሮው፣ ውስኪው፣ ሁሉም ተገለጠ። ተንኮሉ ሲወጣ ከፊት የነበረው፣ ቀድሞ ሊወድቅ የተያዘው ሰውዬ (ትንሽ ቀመስ አድርጎ ነው የመጣው) ተነሥቶ «ገዳይ!» ብሎ ጮኸ። አዳራሹ ዳግም በሳቅ ተናጋ፤ ምክንያቱም ሰውየው ይሁን ጉሮሮው «ገዳይ» ያለው በምርመራ ዜማ ሳይሆን በፉከራ ዜማ ነው። አማርኛችን ራሱ እኮ ነገሩን አልወሰነም። አንዱ ቃል ወንጀለኛም ነው፣ የአንበሳ ገዳይ ጀግናም ነው፤ ሠርግ ላይ ይወደስበታል፣ ፍርድ ቤት ይታሰርበታል። ይህን ፊልም ወደ ሌላ ቋንቋ የሚመልስ ሰው ያቺን ሳቅ አያገኛትም።

እማዬ አልሳቀችም። «ሐሰት ነው» አለች።

«እማዬ፣ አመነ እኮ። ራሱ ተናገረ።»

«እሱማ ውስኪውን ሰጥቷል። ያሰጠችው ማን ናት? ነጠላውስ?»

ስለ ነጠላው መልስ እንዳለኝ ነግሬያት ነበር፣ አልተቀበለችኝም። ፊልም የሚቀረጸው እንደሚታየው በተራ አይደለም። ደረጃው ላይ የሚደረገው ሁሉ በአንድ ቀን ይቀረጻል፤ ጠዋት የሐዘኑን ትዕይንት ቀርጸው ከሰዓት በኋላ ከሐዘኑ በፊት ያለውን ይቀርጻሉ። ልብስ የሚቆጣጠረው ሰው ለቅጽበት ከተዘናጋ ተዋናይቷ የነገውን ነጠላ ዛሬ ለብሳ ትወርዳለች። ስሕተት ነው፣ አበቃ። ልጄ ከኔ ጋር ናት። እማዬ ግን «እሷ የለበሰችውን አታውቅም ነው የምትለኝ?» አለች። በእሷ ዕድሜ ነጠላ ያለ ምክንያት ተዘቅዝቆ አይቶ የሚያውቅ ሰው የለም።

ስንወጣ ለሁለተኛው ትርዒት የተሰለፈ ሰው በር ላይ ነበር። ለንደን ውስጥ የአጋታ ክሪስቲ አንድ የግድያ ተውኔት ከ1952 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲታይ ኖሯል፤ ለጊዜው ያቋረጠው የኮሮና ወረርሽኝ ብቻ ነው። በየምሽቱ መጨረሻ ላይ ተመልካቹ የገዳዩን ማንነት ለማንም እንዳይናገር አደራ ይባላል፤ ስንት ትውልድ አደራውን ጠብቋል። በኛ በር ላይ ያ ሰውዬ ገና ደጁን ሳይሻገር «ወንድሙ ነው! ዶሮውን እያችሁ እንዳትስቁ!» ብሎ ለተሰለፈው ሁሉ አበሰረ። አንዱ ወጣት ሊደበድበው ተነሣ። እማዬ መሀል ገብታ «አትስሙት ልጆቼ፣ ሚስቲቱ ናት» አለቻቸው። ተሰላፊዎቹ ግራ ገባቸው፤ ሁለት ፊልም አለ እንዴ አሉ። በ1985 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሦስት የተለያየ ፍጻሜ የተሠራለት አስቂኝ የግድያ ፊልም ወጥቶ ለየሲኒማ ቤቱ አንዳንድ ፍጻሜ ተልኮ ነበር፤ በእኛ አዳራሽ ደግሞ በአንድ ምሽት ሁለት ፍጻሜ ወጣ፣ አንዱ ከሸራው፣ አንዱ ከመንዝ።

በውርጩ እየተራመድን ልጄ ከስልኳ ታነብልን ጀመር። ሮናልድ ኖክስ የሚባል እንግሊዛዊ የካቶሊክ ቄስ በ1929 እ.ኤ.አ. ለግድያ ልብ ወለድ ጸሐፊዎች አሥር ትእዛዛት አውጥቶ ነበር። ገዳዩ ገና በመጀመሪያው ላይ መታየት አለበት፤ መርማሪው ራሱ ገዳይ መሆን የለበትም፤ አስቀድሞ ካልተነገረ በቀር መንታ ማምጣት አይቻልም።

እማዬ ቆመች። «ቄስ ነው ያልሽው?»

«አዎ እማማ።»

«አሥሩ አነሱት እንዴ? እዚያው ላይ አትግደል ይላል።» ትንሽ ሄድ ብላ ደግሞ፣ «መንታ ያልሽውስ? መንታ ትሆን ሴትየዋ?» አለች። ልጄ በሳቅ መንገድ ላይ ተቀመጠች።

እኔ ሌላ ነገር እያሰብኩ ነበር። የመጀመሪያው ረጅም የአማርኛ ፊልም፣ በ1957 ዓ.ም. የወጣው፣ ርዕሱ «ሂሩት አባቷ ማነው» ነው። የኛም ሲኒማ እንግዲህ በ«ማነው» ነው የጀመረው። የተጠየቀው ግን ማን ገደለ ሳይሆን የማን ናት ነው። እማዬም ያን ማታ የጠየቀችኝ ሁሉ የዚያ ዘር ነው፤ ልጆች አሉት? ወገን አለው? የት ተቀበረ? ፊልሙ ቀብሩን አላሳየም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሰውየው የሁሉም ሰው እንቆቅልሽ ሆነ እንጂ የማንም ሰው ሟች አልሆነም። ይህን ስል ፊልሙን መውቀሴ አይደለም፤ ቢያለቅሱለት ኖሮ አንስቅም ነበር፣ ሳቃችን ደግሞ ከልብ ነበር። ጸሐፊው ያውቀዋል፤ ሟቹን ክፉ ሀብታም ያደረገው ለዚያ ነው፣ እንድንለቅስለት እንዳንገደድ።

በማግሥቱ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡና ተፈላ። ጎረቤታችን እትዬና ሁለት የማኅበር ጓደኞቻቸው መጡ። እማዬ ፊልሙን ተረከችላቸው። እኔ ከመደቡ ጥግ ተቀምጬ ፈተና አርማለሁ፣ ጆሮዬ ግን እዚያ ነው። የእሷ ፊልም ከአየሁት ይረዝማል። ሾፌሩ የለበትም። ዶሮውም ውስኪውም የለበትም፤ ኮማንደሩ ስለ መጠየቁ አንዲት ቃል አላለችም። ሴትየዋ ደረጃውን ስትወርድ ግን ጀበናውን አስቀምጣ ተነሣች፣ የራሷን ነጠላ ወስዳ እንዴት እንደነበረ አሳየቻቸው፣ ወዲያው ደግሞ ለምልኪው ፈርታ መለሰችው። እትዬ «ወይ ጉድ፣ እጇ አጋለጣት» አሉ። ወንድሙ አመነ የሚባለው ነገር እንኳ አልተነሣም። አቦሉ አልቆ ቶናው ሲቀዳ ሴትየዋ ተፈርዶባት ነበር።

ከዚያ እትዬ ሲኒያቸውን እንደያዙ፣ «ለመሆኑ ሟቹ ስሙ ማን ነው?» አሉ።

እማዬ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ወደ ልጄ ዞርኩ። ልጄ አሰበች። «ጋሼ ነው የሚሉት» አለች።

«ጋሼማ ማዕረጉ ነው። ስሙ?»

ተያየን። አልነበረውም። ፊልሙ ከተጀመረ እስኪያልቅ ድረስ ልጆቹም ሚስቱም ጠበቃውም ኮማንደሩም «ጋሼ» ነበር የሚሉት። ልጄ ስልኳን አውጥታ ፈለገች፤ የተዋናዩን ስም እንጂ የሟቹን አላገኘችም።

«እንዴት ይሆናል?» አሉ እትዬ። «የክርስትና ስሙ ሳይታወቅ ነፍስ ይማር እንዴት ይባላል?»

እማዬ ቶናውን ቀድታ ስትጨርስ ጀበናውን ወደ ፍሙ መለሰች። ትንሽ አሰበችበት። «ወልደ ሥላሴ እንበለው» አለች።

«ወልደ ሥላሴ ይሁን» አሉ እትዬ። «ነፍሱን ይማር።»

«ነፍስ ይማር» አልን። ልጄም ሳቋን በነጠላዋ አፍና «ይማር» አለች። በረካው ሊፈላ ተጣደ።